ሰንበት፣ ሰዓትና ትርፍ ሰዓት፦ የሠራተኛ ዕረፍት በኢትዮጵያ ሕግ ታሪክ

በኢትዮጵያ የሥራን ጊዜ ከዕረፍት ጊዜ የሚለይ ደንብ ፋብሪካና ወርኃዊ ደመወዝ ከመምጣታቸው ብዙ መቶ ዓመታት በፊት የነበረ ሲሆን፣ መነሻውም የአሠሪና የሠራተኛ ውል ሳይሆን የሃይማኖት ሥርዓት ነበር። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው የቀኖና መጻሕፍት አንዱ በሆነው በሲኖዶስ ውስጥ፣ አገልጋዮች በሳምንት 5 ቀን እንዲሠሩ፣ ቅዳሜና እሑድ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ትምህርት ይሰሙ ዘንድ ከሥራ እንዲያርፉ የሚያዝ ሥርዓት ተጽፎ ይገኛል። ትእዛዙ ስለ ጌታው ሳይሆን በቀጥታ ስለ አገልጋዩ የሚናገር በመሆኑ ልዩ ትኩረት ይገባዋል፤ ምክንያቱም የራሱ ጊዜ ባለቤት ያልነበረ ሰው ከሳምንቱ ቀናት ሁለቱ ከጌታው ፈቃድ በላይ በሆነ ሥልጣን እንደተሰጡት ይመሰክራል። ሥርዓቱ በተግባር ምን ያህል ይፈጸም እንደነበር መገመት ቢያስቸግርም፣ የዕረፍት ቀን የባለጠጋም የአገልጋይም ነው የሚለው አሳብ በጽሑፍ ደረጃ ቀድሞ መኖሩ ግን አያጠራጥርም።

የዕረፍት ቀን ስንት መሆን አለበት የሚለው ጥያቄ በመካከለኛው ዘመን የአገሪቱን ካህናት ለሁለት እስከመክፈል ደርሶ ነበር። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች እሑድ ብቻ ሳትሆን ቅዳሜም ሰንበት ሆና ልትከበር ይገባል ብለው በማስተማራቸው ከጳጳሳቱና ከቤተ መንግሥቱ ተጋጭተው ለስደትና ለውግዘት ተዳርገዋል፤ ኤዎስጣቴዎስ ራሳቸውም ከአገር ወጥተው በአርመን ምድር ዐርፈዋል። ጉዳዩ እልባት ያገኘው ከእርሳቸው ሞት አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1426–1460 ዓ.ም.) በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ በመወሰኑ ነበር። በዚያው ንጉሥ ዘመን 33 የማርያም በዓላት እንዲከበሩ በመታዘዙም ከሥራ የሚታቀቡባቸው ቀናት ቁጥር ይበልጥ ጨመረ። ክርክሩ በጊዜው ሥነ መለኮታዊ ክርክር እንጂ የሠራተኛ መብት ጥያቄ አልነበረም፤ ውጤቱ ግን የገበሬውን ክንድና የበሬውን ትከሻ የሚነካ ነበር፤ በሰንበት ማረስ፣ መፍጨትና እንጨት መፍለጥ ሰንበት መሻር ተብሎ በንስሐ የሚያስጠይቅ ሆነ።

ሆኖም ይህ ሥርዓት የሚጠብቀው ቀንን እንጂ ሰዓትን አልነበረም። በተቀሩት ቀናት የሥራው ርዝመት የሚወሰነው በፀሐይ መውጫና መግቢያ፣ በወቅቱ እርሻና አጨዳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በባለ መሬቱ ፍላጎት ነበር። ጭሰኛውና ገባሩ ከራሱ ማሳ በተጨማሪ የገዢውን ሁዳድ፣ ማለትም ለገዢው ወይም ለባለ ጉልቱ ተከልሎ በገባር ጉልበት የሚታረሰውን መሬት፣ ያለ ክፍያ የማረስ፣ የማረምና የማጨድ ግዴታ ነበረበት። ለዚህ ጉልበት ደመወዝ ያልነበረው በመሆኑ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚባል ነገር ሊታሰብ አይችልም ነበር፤ ትርፍ የሚባለው መደበኛው ሲታወቅ ብቻ ነውና። ጎረቤታሞች በየተራ እየተረዳዱ የሚሠሩበት የደቦ ልማድ ግን በተቃራኒው ለድካም ዋጋ ይሰጥ ነበር፤ ባለ ማሳው ጠላና ምግብ የማቅረብ፣ ሠራተኞቹም እኩለ ቀን ላይ ተቀምጠው የመብላት ልማድ የነበራቸው ሲሆን፣ ይህ በሥራ መካከል የሚደረግ ዕረፍት በማንም ሕግ ሳይጻፍ በማኅበረሰቡ ይሉኝታ የተጠበቀ ነበር።

ሰዓት የሥራ መለኪያ ሆኖ ወደ አገሪቱ የገባው ከባቡር ጋር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ መነሻና መድረሻው በደቂቃ የተወሰነ ባቡር፣ በፈረቃ የሚቀያየሩ ሠራተኞችና በደወል የሚከፈትና የሚዘጋ ጋራዥ አብረው መጡ። በዚሁ ጊዜ በሌላው ዓለም የሠራተኛ ትግል ፍሬ በማፍራት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በዚያው ዓመት በዋሽንግተን ባደረገው የመጀመሪያ ጉባኤ ያጸደቀው ስምምነት ቁጥር 1፣ በኢንዱስትሪ የሚሠራ ሰው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ የወሰነ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ለሚሠራ ሰዓትም ክፍያው ከመደበኛው ቢያንስ በአንድ ሩብ እንዲበልጥ ደነገገ። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል በመሆኗ የሥራ ድርጅቱም አባል ሆነች፤ ይህን ስምምነት ግን አላጸደቀችውም። ያም ሆኖ በዋሽንግተን የተጻፈው የአንድ ሩብ ጭማሪ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ ሳይለወጥ ተደንግጎ የተገኘ በመሆኑ፣ የዚህ ትረካ አንድ ክር ከዚህ ይጀምራል።

በወቅቱ ግን ለአገሪቱ የቀረበባት ቀዳሚ ጥያቄ የሰዓት ወሰን ሳይሆን የባርነት መኖር ነበር፤ የሰው ልጅ እንደ ንብረት በሚሸጥበት አገር ስለ ሳምንታዊ ዕረፍት መነጋገር ትርጉም የለውምና። ባርነትን ለማጥፋት በየደረጃው የወጡት ሕጎች የመጨረሻ መልካቸውን የያዙት ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ሲሆን፣ ሁለት ዓመት ሳይቆይ በ1936 ዓ.ም. የፋብሪካዎች አዋጅ ቁጥር 58 ታወጀ። ይህ አዋጅ በፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎችን ጤንነትና ደኅንነት ለመጠበቅ ለመንግሥት ደንብ የማውጣት ሥልጣን የሰጠ የመጀመሪያው ዘመናዊ የሥራ ሕግ ነው ሊባል ይችላል።

ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት ስለ ሥራ ሰዓት የሚነሣው ጥያቄ በተግባር ምን እንደሚመስል ከወንጂ የተሻለ የሚያሳይ ቦታ አይገኝም። በአዋሽ ወንዝ ዳርቻ በሆላንዳዊው ኩባንያ በኤች ቪ ኤ የተቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ። ሸንኮራ አገዳ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ካልተጨመቀ የስኳር ይዘቱ እየወረደ የሚሄድ በመሆኑ፣ በምርት ወቅት ወፍጮው ሌሊትና ቀን ያለ ማቋረጥ መዞር አለበት፤ ማሞቂያውም ከጠፋ በኋላ እንደገና እስኪግል ድረስ ብዙ ሰዓት ይባክናል። ስለዚህ ሠራተኛው በፈረቃ ይከፈላል፤ ተረኛው ሲቀር ወይም ሲታመም ደግሞ ከፈረቃው የሚወርደው ሰው እንዲቀጥል ይጠየቃል። የማሽኑ ባሕርይ ራሱ ሦስት የማይቀሩ ጥያቄዎችን አስነሣ፤ ለሁለተኛው ፈረቃ ማን ይከፍላል፣ ምን ያህል ይከፍላል፣ ሰውዬውስ መቼ ይተኛል? እነዚህ ጥያቄዎች በቢሮ ከተቀመጡ ሕግ አርቃቂዎች ቀድመው የተነሡት በአገዳ ቆራጮችና በወፍጮ ሠራተኞች መካከል ሲሆን፣ የወንጂ ሠራተኞች በአገሪቱ የሠራተኛ ማኅበር እንቅስቃሴ ግንባር ቀደም የሆኑት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሕጉ ቀስ በቀስ እየተከተለ መጣ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው ሥራ የመሠማራትና ለዚሁም ማኅበር የማቋቋም ወይም አባል የመሆን መብት እንዳለው ዐወቀ። ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው፣ በፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ረኔ ዳቪድ አርቃቂነት የተዘጋጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ የሥራ ውልን በዝርዝር የደነገገ ሲሆን፣ ከአሠሪው ጋር በአንድ ቤት ስለሚኖር ሠራተኛም ልዩ ድንጋጌ አካቷል። በዚህ ድንጋጌ መሠረት አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነትና ግብረ ገብነት ለመጠበቅ ስለ መኖሪያው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሥራና ስለ ዕረፍት ጊዜው ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረግ አለበት። ድንጋጌው መልካም አሳብ ቢይዝም የሰዓት ቁጥር አላስቀመጠም፤ ተገቢ የሚባለው ምን እንደሆነ የሚፈርደው በመጀመሪያ አሠሪው ራሱ ነው። ይህ ጉድለት በኋላ እንደሚታየው ከስድሳ ዓመት በላይ ሳይደፈን ቆይቷል።

የቁጥር ወሰን የመጣው ሠራተኛው ተደራጅቶ መናገር ከጀመረ በኋላ ነው። የሠራተኛ ግንኙነት ድንጋጌ እ.ኤ.አ. በ1962 ከወጣ በኋላ በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በወንጂው አብርሃም መኮንን ፕሬዚዳንትነት ተቋቋመ፤ በቀጣዩ ዓመትም አዋጅ ቁጥር 210 ድንጋጌውን ተክቶ የሠራተኛ ማኅበራትን ሕጋዊነት፣ የኅብረት ድርድርንና የሠራተኛ ጉዳይ ቦርድን አቋቋመ። የኅብረት ድርድር ማለት ሠራተኞች በየግል ሳይሆን በማኅበራቸው በኩል ከአሠሪው ጋር ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ የሚነጋገሩበት ሥርዓት ሲሆን፣ ውጤቱም የኅብረት ስምምነት ይባላል። አዋጁ ማኅበር ለማቋቋም 50 ሠራተኞችን ይጠይቅ ስለነበር ግን በትንንሽ ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች ከጅምሩ ከዚህ ዕድል ውጭ ነበሩ፤ የቤት ሠራተኞችም እንዲሁ።

አዋጅ ቁጥር 210 ግንኙነትን እንጂ የሥራ ሁኔታን በቀጥታ ስለማይወስን፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የዝቅተኛ የሥራ ሁኔታዎች አዋጅ ቁጥር 232 ወጣ። ዝቅተኛ የተባለበት ምክንያት አሠሪውና ሠራተኛው ከዚህ የተሻለ መስማማት ቢችሉም ከዚህ በታች መስማማት ስለማይፈቀድላቸው ነው። በዚህ ዘመን የቀን 8 ሰዓትና የሳምንት 48 ሰዓት ወሰን በኢትዮጵያ ሕግ ሥር የሰደደ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ መንግሥት ሦስት ጊዜ ሲለዋወጥ ይህ ቁጥር አልተነካም። አርሶ የሚያድረው ሰፊው ሕዝብ አዋጁ ያልደረሰው ቢሆንም፣ ቢያንስ በድሬዳዋ፣ በአቃቂና በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ደጃፍ የሥራ ሰዓት ማብቂያ በሕግ የሚታወቅ ሆነ።

የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ኮንፌዴሬሽኑ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያ የሆነውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። ጥያቄዎቹ የዝቅተኛ ደመወዝ መወሰንንና የሠራተኛ ሕጉን መሻሻል የሚጨምሩ ነበሩ፤ አድማው 4 ቀን ከቆየ በኋላ ከመንግሥት ጋር በተደረሰ ስምምነት አበቃ። የዝቅተኛ ደመወዝ ጥያቄ ከዕረፍትና ከትርፍ ሰዓት ጋር ያለው ግንኙነት በብዙዎች ዘንድ የሚዘነጋ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚሰላው መደበኛውን የሰዓት ደመወዝ በማባዛት ስለሆነ፣ መነሻው ትንሽ ከሆነ ብዜቱም ትንሽ ነው፤ በተጨማሪም ደመወዙ ወር የማያደርሰው ሰው በሕግ የተሰጠውን ዕረፍት በፈቃዱ ሸጦ ወደ ትርፍ ሰዓት ለመሄድ ይገደዳል። የ1966ቱ ሠራተኞች ይህን በሚገባ ተረድተውት ነበር።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 64 የቀድሞውን የሠራተኛ ሕግ ተካ። አዋጁ የሥራ ሰዓትን፣ የሳምንት ዕረፍትንና የዓመት ፈቃድን በአንድ ሰነድ ማጠቃለሉ የሚያስመሰግነው ሲሆን፣ እነዚህን መብቶች ሊያስከብር የሚችለውን ነጻ ማኅበር ግን አጠፋ። የቀድሞው ኮንፌዴሬሽን ፈርሶ በ1969 ዓ.ም. በቦታው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተቋቋመ፤ ይህም ድርጅት ከመንግሥት ፈቃድ ወጥቶ ለሠራተኛው የሚሟገት አልነበረም። የሥራ ማቆም አድማ በተግባር ተከለከለ። ሰዓቱን የሚወስነው ሕግ በወረቀት ላይ እንዳለ ሆኖ፣ ወሰኑ ሲጣስ ጣሹን የሚከስ አካል ካልኖረ ሕጉ ለሠራተኛው ያለው ፋይዳ እጅግ ይቀንሳል። በዚሁ መንግሥት የመጨረሻ ወራት፣ በጥር 1983 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ስለ ሳምንታዊ ዕረፍት የተደረጉትን ሁለት ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ማለትም የኢንዱስትሪውን ቁጥር 14 እና የንግድና የቢሮውን ቁጥር 106 አጸደቀች፤ ከ4 ወር በኋላ መንግሥቱ ወደቀ።

የሽግግሩ መንግሥት በጥር 1985 ዓ.ም. ያወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 42 እስከ ዛሬ ድረስ የሚሠራበትን የሕጉን አደረጃጀት ያቆመ በመሆኑ ሰፋ አድርጎ መመልከት ያስፈልጋል። በአዋጁ መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት ሠራተኛው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ መሠረት ሥራውን የሚያከናውንበት ወይም ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ነው። ከዚያ በላይ የሚሠራ ሁሉ ትርፍ ሰዓት ይሆናል። ትርፍ ሰዓት አሠሪው በፈለገ ጊዜ የሚያዝዘው ነገር አይደለም፤ አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር፣ ወይም ያለ ማቋረጥ በሚካሄድ ሥራ ላይ የቀረን ሠራተኛ መተካት ሲያስፈልግ ብቻ የተፈቀደ ነው። የመጨረሻው ምክንያት የወንጂን ወፍጮ ያስታውሳል። የአንድ ሰው ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ2፣ በወር ከ20፣ በዓመት ከ100 ሰዓት እንዳይበልጥ ተወሰነ። ነፍሰ ጡር ሴቶችና ወጣት ሠራተኞች ትርፍ ሰዓት እንዳይሠሩ ተከለከለ።

ክፍያው የተተመነው ሰውነት በሚደክምበትና ዕረፍቱ በሚከብርበት ሰዓት ልክ ነበር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት መደበኛው የሰዓት ደመወዝ በ1.25፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራው በ1.5፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 ይባዛል። የመጀመሪያው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1919 በዋሽንግተን የተጻፈው ዝቅተኛ ጭማሪ ራሱ ነው። የሳምንት ዕረፍት ከ24 ተከታታይ ሰዓት እንዳያንስ፣ በተቻለ መጠንም እሑድ ሆኖ ለሁሉም ሠራተኛ በአንድ ጊዜ እንዲሰጥ ታዘዘ። ሆቴል፣ ሆስፒታል፣ ትራንስፖርት፣ የመብራትና የውኃ አገልግሎት በመሳሰሉት ሥራዎች ግን ሌላ ቀን ሊተካ ይችላል። በዕረፍቱ ቀን በግድ የሠራ ሰው ከክፍያው በተጨማሪ ምትክ ዕረፍት ይገባዋል፤ ሕጉ ገንዘብ ብቻ ዕረፍትን ይተካል ብሎ አለማመኑ ከአዋጁ ጥበብ አንዱ ነው።

በነሐሴ 1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ላይ ሠራተኞች በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍት፣ የመዝናኛ ጊዜና በየጊዜው ከክፍያ ጋር የሚሰጥ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው በመደንገግ ጉዳዩን ወደ አገሪቱ የበላይ ሕግ ከፍ አደረገው። ይህ ማለት የሥራ ሰዓት ወሰን ከዚያ ወዲህ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ብቻ ሳይሆን የሰብዓዊ መብት ጉዳይም ሆነ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 377 የሰዓቱንና የክፍያውን ድንጋጌዎች በአመዛኙ እንዳሉ ያስቀጠለ ሲሆን፣ ማኅበር ለማቋቋም የሚያስፈልገውን የሠራተኛ ቁጥር ከ20 ወደ 10 ዝቅ ማድረጉ ለዚህ ጉዳይ ከሁሉም የላቀ ለውጥ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከ1985 ጀምሮ ያሉት አዋጆች ቀኑን፣ ሳምንቱንና ዓመቱን በጥንቃቄ ሲቆጥሩ፣ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ለምሳ ወይም ለሻይ የሚሰጠውን ዕረፍት በደቂቃ አልወሰኑም። ይህን ጉዳይ የጠቀሱት የኅብረት ስምምነት ሊያካትታቸው ከሚችሉ ነጥቦች መካከል፣ የሥራ ሰዓት አደላደልና በሥራ መካከል የሚሰጥ የዕረፍት ጊዜ በሚል ብቻ ነው። ስለዚህ ጠንካራ ማኅበር ባለበት ፋብሪካ ሠራተኛው የምሳ ሰዓቱንና የሻይ ዕረፍቱን በተፈረመ ወረቀት ሲያገኝ፣ ማኅበር በሌለበት ድርጅት የሚሠራው ሰው ይህን የሚያገኘው በአሠሪው የሥራ ደንብ ወይም በአለቃው በጎ ፈቃድ ነው። በስፌት መኪና ላይ 8 ሰዓት ጎንበስ ብሎ ለሚውል ሰው የእሑዱ ዕረፍት የቀኑን ድካም አይተካለትም፤ ወገቡና ዐይኑ የሚፈልጉት ዕረፍት በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ መካከል ያለውን ነው። ይህ ክፍተት ከአዋጅ ወደ አዋጅ ሲተላለፍ መቆየቱ የሕጉ ትልቁ ድክመት ነው።

ሁለተኛው ድክመት በአፈጻጸም ላይ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 377 ሠራተኛን ከተወሰነው ሰዓት በላይ ያሠራ ወይም የሳምንት ዕረፍቱን የከለከለ አሠሪ የሚቀጣው ከ500 ብር በማይበልጥ መቀጮ ነበር፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ለሚያስተዳድር ድርጅት ይህ ገንዘብ ሕግ መጣስን አትራፊ ከማድረግ አያግደውም። በሌላ በኩል ሠራተኛው ያልተከፈለውን ደመወዝ ወይም ትርፍ ሰዓት በ6 ወር ውስጥ ካልጠየቀ ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል፤ ይርጋ ማለት መብትን በፍርድ ቤት ለመጠየቅ ሕግ የሚሰጠው ጊዜ ማለቁ ነው። ሥራውን እንዳያጣ የሚፈራ ሰው በሥራ ላይ እያለ አሠሪውን መክሰስ ስለሚከብደው፣ ብዙው ትርፍ ሰዓት የሚጠየቀው ውሉ ከተቋረጠ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከ6 ወር በፊት የተሠራው ሁሉ ጠፍቷል።

በ2006 ዓ.ም. ገደማ ከቦሌ ለሚ የተጀመረውና በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በሐዋሳ የተስፋፋው የኢንዱስትሪ ፓርኮች ግንባታ የድሮውን ጥያቄ በአዲስ ስፋት አስነሣ። በሺዎች የሚቆጠሩ፣ በአብዛኛው ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ለውጭ ገበያ ልብስ ወደሚሰፋባቸው አዳራሾች ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ያወጣው ጥናት የአንድ ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ያህል እንደነበር ዘግቧል። የልብስ ስፌት ሥራ በትእዛዝና በመርከብ መጫኛ ቀን የሚመራ በመሆኑ፣ ትእዛዝ ሲጠብ የሚጨምቀው የሠራተኛዋን ምሽት ነው፤ መነሻ ደመወዙ ዝቅተኛ ሲሆን ደግሞ እርስዋም ምሽትዋን ለመስጠት እምቢ ማለት አትችልም።

አዋጅ ቁጥር 1156 በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የታወጀው በዚህ ሁኔታ መካከል፣ በረቂቁ ላይ ከደርግ ውድቀት በኋላ ከተቋቋመው ከኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ብርቱ ተቃውሞ ከቀረበ በኋላ ነው። አዋጁ የቀን ትርፍ ሰዓት ክፍያን ከ1.25 ወደ 1.5፣ የሌሊቱን ከ1.5 ወደ 1.75 ከፍ አደረገ፤ የዕረፍት ቀኑንና የበዓሉን እንደነበሩ ተወ። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን፣ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድም ከ60 ወደ 90 ቀን አደገ። መቀጮውም ወደ ሺዎች ብር ከፍ አለ። ጭማሪው በአኃዝ ምን እንደሚመስል ለማየት፣ በወር 5,200 ብር የሚከፈለውን ሠራተኛ መውሰድ ይቻላል። በወር 26 ቀን በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 208 ሰዓት ስለሚሆን፣ የሰዓት ደመወዙ 25 ብር ነው። በቀድሞው ሕግ አንድ የምሽት መግቢያ ትርፍ ሰዓት 31.25 ብር ያስገኝለት የነበረ ሲሆን፣ በአዲሱ 37.50 ብር ይሆናል፤ ሌሊት ከሆነ ደግሞ 37.50 የነበረው 43.75 ብር ደርሷል። በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በሁለቱም ሕጎች 62.50 ብር ነው።

ይህ ጭማሪ ተገቢና የዘገየ ነበር። ነገር ግን አዋጁ በዚያው እጁ የትርፍ ሰዓትን ጣሪያ አነሣው፤ የቀኑ 2 ሰዓት ወደ 4፣ የወሩና የዓመቱ ወሰን ደግሞ ቀርቶ በሳምንት 12 ሰዓት በሚል ተተካ። በቀድሞው ሕግ ከፍተኛው የዓመት ትርፍ ሰዓት 100 ሲሆን፣ በአዲሱ 12 ሰዓት በ52 ሳምንት ሲባዛ 624 ይደርሳል። ከቀኑ 24 ሰዓት 12ቱን በሥራ ላይ ማሳለፍ ሕጋዊ ሆነ፤ የመሄጃና የመመለሻው ጊዜ ሲታከልበት ለእንቅልፍ፣ ለልጅና ለጸሎት የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው። ትርፍ ሰዓት በአስገዳጅ ምክንያት ብቻ ይፈቀዳል የሚለው ድንጋጌ ባይሻርም፣ ጣሪያው እንዲህ ሲሰፋ አስቸኳይ ሥራ የሚለው ሐረግ በየሳምንቱ እንዲደጋገም መንገድ ይከፍታል። ሕጉ የሰዓቱን ዋጋ ጨምሮ የሚሸጠውን ሰዓት ብዛት ደግሞ ከስድስት እጥፍ በላይ ማብዛቱ፣ ከዚህ በፊት በነበሩት አዋጆች ሁሉ የተያዘውን አቅጣጫ የሚቃረን ነው፤ በሕጉ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ ሊታረም የሚገባውም ይህ ነው።

አዋጁ የዝቅተኛ ደመወዝ ጉዳይን የሚመለከት የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲቋቋም አዝዟል፤ የቦርዱ አሳብ በ1966ቱ አድማ የቀረበው ጥያቄ ከ45 ዓመት በኋላ ያገኘው ምላሽ ነው። ራሱን የቻለ የዝቅተኛ ደመወዝ ቁጥር ግን በአዋጁ ውስጥ የለም። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነጻ ገበያ ዕድል ስትታገድ፣ ከሐዋሳ ፓርክ ትእዛዛቸውን ያነሡ ኩባንያዎች ስለነበሩ፣ ትርፍ ሰዓት ለምን በዛ ይባል የነበረባቸው አዳራሾች ሥራ ለምን ጠፋ ወደሚባልባቸው ተለወጡ፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ መደራደር የሚችለው አሠሪው ብቻ ስለሚሆን የሕጉ ወሰን ይበልጥ ያስፈልጋል።

የቤት ሠራተኞች ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው። ከ1985 እስከ 2011 ዓ.ም. የወጡት ሦስቱም አዋጆች የግል አገልግሎት ቅጥርን በሚመለከት የሥራ ሁኔታዎች በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚወሰኑ በመጥቀስ ያለፉት ሲሆን፣ በተግባር የሚገዛቸው በ1953 ዓ.ም. የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ድንጋጌ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ቁርስ የምታበስል፣ እንግዳ ሲመጣ እስከ ምሽት 5 ሰዓት የምትቆም፣ ልጅ ሲያለቅስ ሌሊት የምትነሣ ሠራተኛ የቀን 8 ሰዓት ወሰን፣ የ1.5 ብዜት ወይም የ24 ሰዓት ሳምንታዊ ዕረፍት በሕግ አልተቆጠረላትም፤ ያላት አሠሪዋ ተገቢ ነው ብሎ የሚያስበው ጥንቃቄ ነው። በአገር ውስጥ ይህ ክፍተት ሳይዘጋ በመካከለኛው ምሥራቅ ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞች የሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይከበር ብሎ ከተቀባይ አገሮች ጋር መደራደርም ከባድ ይሆናል፤ ተደራዳሪው በራሱ ቤት ያልጻፈውን ደንብ ነው ከሌላው የሚጠይቀው።